የፖል ፍሪማን በትር

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ፖል ፍሪማን በኦርኬስትራ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሳው በየትኛው ሥራው ነው?

መምህር፦ ከሁሉ በፊት በሁለቱ። ከ1974 እስከ 1978 ኮሎምቢያ ሬከርድስ የጥቁር የሙዚቃ ደራስያንን ሥራዎች በዘጠኝ ሸክላ ሲያወጣ፣ ቀረጻውን የመራው ፍሪማን ነው። በ1987 ደግሞ ቺካጎ ሲንፎኒዬታ የተባለውን ኦርኬስትራ መሠረተ። ቀኖቹና ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በኋላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዕድሜው ከመቶ በላይ ኦርኬስትራዎችን መርቷል፤ ወደ 200 የሚጠጋ ቅጂም ትቷል። ሞዛርትንና ቤትሆቨንን አሳምሮ የመራ ሰው ብዙ ነው። በየመሳቢያው ተቆልፎ የቆየ ሙዚቃ ፈልጎ፣ አስገልብጦ፣ አስጠንቶ ለጆሮ ያበቃ መሪ ግን ጥቂት ነው፤ ፍሪማን ከእነዚያ ጥቂቶች ግንባር ቀደሙ ነው።

ተማሪ፦ ትምህርቱን የት አገኘው?

መምህር፦ የተወለደው ጥር 2 ቀን 1936 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ነው። ያኔ በዚያ ከተማ ጥቁር ልጅና ነጭ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አይማሩም። በልጅነቱ ፒያኖ ጀመረ፤ ክላርኔትና ቼሎም ተማረ። ከዚያ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሮቸስተር በሚገኘው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት ድረስ ዘለቀ። በመሃሉ በፉልብራይት የነፃ ትምህርት ዕድል በርሊን ሄዶ የመሪነትን ሙያ አጠና፤ ቆይቶም ከታላቁ ፈረንሳዊ መሪ ከፒየር ሞንቶ ዘንድ ተማረ። በ1967 በግሪካዊው መሪ በዲሚትሪ ሚትሮፑሎስ ስም ይካሄድ በነበረው ዓለም አቀፍ የመሪዎች ውድድር አሸነፈ።

ሮቸስተርን ልብ ማለት ይገባል። ዊልያም ግራንት ስቲል የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በ1930 የጻፈው «የአፍሮ አሜሪካ ሲምፎኒ» በሚቀጥለው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚያች ከተማ ነው። የመራው ሃዋርድ ሃንሰን ደግሞ ፍሪማን በተማረባቸው ዓመታትም የኢስትማን ዳይሬክተር ነበር። የጥቁር ሰው ሲምፎኒ በታላቅ ኦርኬስትራ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ፍሪማን ኋላ በሸክላ ያስቀረጸውም ይኸንኑ ሲምፎኒ ነው።

ተማሪ፦ አንድ መሪ በእጁ በትር ብቻ ይዞ የኦርኬስትራን ዓለም ይለውጣል ማለት ይከብዳል። ሥልጣኑ ምን ያህል ነው?

መምህር፦ እንደ ቦታው ይለያያል። በመድረክ ላይ የሚታየው የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። መሪው የሃያም የሠላሳም መሣሪያ መስመር አንዱ ከሌላው ሥር የተደረደረበትን ሙሉ ኖታ ለሳምንታት ያጠናል፤ በልምምድ ጊዜ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ፍጥነቱ የት እንደሚቀየር ይወስናል። በእንግድነት የተጋበዘ መሪ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሳምንቱን ሠርቶ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የሙዚቃ ዳይሬክተር የሚባለው ግን ዓመቱን ሙሉ የማን ሥራ እንደሚቀርብ ይመርጣል፤ አዲስ ተጫዋች ሲቀጠርም ቃሉ ይሰማል። ስለዚህ ጥቁር መሪን አንድ ምሽት መጋበዝና ኦርኬስትራውን ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ዲን ዲክሰን ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን በመምራት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የሆነው በ1941 ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ሄንሪ ሉዊስ የኒው ጀርሲ ሲምፎኒ ሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኖ የተሾመው ደግሞ በ1968 ነው። በግብዣውና በሹመቱ መካከል 27 ዓመት አለፈ።

ተማሪ፦ ዲክሰን ራሱ ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ቆየ?

መምህር፦ ተሰደደ። ዲክሰን የሃርለም ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ናቸው። በ17 ዓመቱ የራሱን የሠፈር ኦርኬስትራ አቋቁሞ ነበር፤ በ1944 ደግሞ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አብረው የሚጫወቱበት የአሜሪካ ወጣቶች ኦርኬስትራን መሠረተ። በ1948 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ሙዚቃ ባደረገው አስተዋጽኦ ሸለመው። ሽልማቱ ቋሚ ሥራ አላስገኘለትም። በ1949 ወደ አውሮፓ ሄደ፤ ከ1953 እስከ 1960 በስዊድን የጎተንበርግ ሲምፎኒ፣ ከ1961 እስከ 1974 በጀርመን የፍራንክፈርት ሬዲዮ ኦርኬስትራ፣ በመካከሉም ከ1964 እስከ 1967 በአውስትራሊያ የሲድኒ ሲምፎኒ መሪ ሆነ። ሦስት አገሮች ኦርኬስትራቸውን ሲያስረክቡት የተወለደባት አገር አንድ እንኳ አልሰጠችውም። የሙያ ጉዞውን ሲገልጽ በሦስት ስም ይከፍለው ነበር፤ መጀመሪያ ጥቁሩ አሜሪካዊ መሪ ይሉት ነበር፣ ቀጥሎ አሜሪካዊው መሪ አሉት፣ በመጨረሻ መሪው ዲን ዲክሰን ተባለ። በ1970 ኒውዮርክ ሲመለስ በአደባባይ ለተሰበሰበ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ፊልሃርሞኒኩን መራ። በ1976 በስዊዘርላንድ ሲሞት ዕድሜው 61 ነበር። ይህ ታሪክ ያሳዝናል፤ ፍሪማን ሥራውን የጀመረውም ይህን እያየ ነው።

ተማሪ፦ ፍሪማን ሌሎችን ይዞ የመውጣትን ነገር ዓላማው ያደረገው መቼ ነው?

መምህር፦ ራሱ ደጋግሞ ያነሳው የነበረ አንድ አጋጣሚ አለ። በ1960ዎቹ የአትላንታ ሲምፎኒን በእንግድነት ሊመራ ሄዶ በአውሮፕላን ማረፊያው ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ተገናኘ። ኪንግ ምን እንዳመጣው ጠየቀው፤ ፍሪማንም ነገረው። ኪንግ ሰምቶ ደስታውን ገለጸ፤ ኦርኬስትራ ለጥቂት ምርጦች ብቻ የተከለለ የመጨረሻው ምሽግ ነው የሚል ትርጉም ያለው መልስም ሰጠው። አውቶቡሱ፣ ምግብ ቤቱ፣ የምርጫ ጣቢያው በትግል ተከፍቶ ሳለ የሲምፎኒ አዳራሽ ገና እንደተዘጋ መሆኑን የሚናገር ቃል ነበር። ፍሪማን ቃሉን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

ተማሪ፦ ሸክላዎቹስ እንዴት ተጀመሩ?

መምህር፦ ፍሪማን በዳላስ ሁለት ዓመት በረዳት መሪነት ከሠራ በኋላ ከ1970 እስከ 1979 በዲትሮይት ሲምፎኒ ነዋሪ መሪ ሆነ፤ ዋናው ዳይሬክተር ሌላ ነበር። በዚያው ዘመን በሚኒያፖሊስ የተቋቋመ፣ ለጥቁር ሙዚቀኞች ዕድል የሚሟገት ማኅበር ከኮሎምቢያ ሬከርድስ ጋር ተስማማ። ዶሚኒክ ሬኔ ደ ሌርማ የተባለው የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪ ኖታዎቹን በማፈላለግ አማካሪ ሆነ። መሪነቱ ለፍሪማን ተሰጠ። የለንደን ሲምፎኒ፣ የዲትሮይት፣ የባልቲሞርና የሄልሲንኪ ኦርኬስትራዎች በየተራ ተቀረጹ።

ተማሪ፦ ኖታው ካለ መጫወት ነው እንጂ ማፈላለግ ምን ያስፈልጋል?

መምህር፦ እዚህ ላይ ነው የነገሩ ሥር ያለው። ታትሞ ያልወጣ ሲምፎኒ አንድ ሙሉ ኖታ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ እሱም በደራሲው እጅ የተጻፈ፣ ምናልባትም በልጆቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ። ቫዮሊኒስቱ ከሙሉ ኖታ አይጫወትም፤ የየራሱ መስመር ብቻ ተነጥሎ ሊጻፍለት ይገባል። ስለዚህ ገልባጭ ተቀጥሮ ከዋሽንት እስከ ከበሮ ያለውን ሁሉ በየወረቀቱ ይለያል። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ጊዜ ይህ በእጅ የሚሠራ የወራት ሥራ ነው። ከዚያ ልምምድ ይመጣል። ገልባጩ በሁለተኛው ቫዮሊን ወረቀት ላይ አንዲት የፍላት ምልክት ዘሎ ከሆነ አዳራሹ ውስጥ የሚጎረብጥ ድምፅ ይሰማል፤ መሪው በትሩን ያወርዳል፤ ሙሉ ኖታውን ያያል፤ ተጫዋቾቹ ከማስቀመጫው ላይ እርሳሳቸውን አንስተው ያርማሉ፤ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀመራል። ልምምድ በሰዓት የሚከፈልበት ነው፤ ሰባ ሰው እርሳስ ይዞ በጠበቀ ቁጥር ሒሳቡ ይቆጥራል። የብራምስ ሲምፎኒ ግን ታትሞ፣ ታርሞ፣ ተጫዋቹም በተማሪ ቤት ሳለ ለምዶት ይጠብቃል። አንድ ሥራ አስኪያጅ ክፋት ባይኖረው እንኳ ርካሹንና የታወቀውን ይመርጣል። ያልተጫወቱት አይታወቅም፣ ያልታወቀ አይታተምም፣ ያልታተመ አይጫወቱትም። ይህን ቀለበት ለመስበር አንዱን ቦታ መምታት ያስፈልጋል፤ ፍሪማን ሸክላውን መረጠ። አንዴ ከተቀረጸ ሌላው መሪ ሰምቶ ሊወስን ይችላል፤ ኖታውም ቀድሞ ታርሟል።

ተማሪ፦ ከተቀረጹት ሁሉ የትኛው ደራሲ ይበልጣል?

መምህር፦ መብለጡን ጆሮ ይፍረድ። በታሪክ ግን መጀመሪያ የሚጠራው ዦዜፍ ቦሎኝ፣ ሼቫሊዬ ደ ሴን ዦርዥ ነው። በ1745 በጓዴሎፕ ደሴት ከፈረንሳዊ ባለ እርሻና ናኖን ከምትባል ባሪያ ሴት ተወለደ። ፓሪስ አድጎ በሰይፍ ግጥሚያ ስሙ የገነነ፣ በቫዮሊን ደግሞ ከከተማው አንደኞች የሚቆጠር ሆነ። ኮንሰር ዴዛማተር የተባለውን ኦርኬስትራ ሲመራ ቡድኑ በአውሮፓ ከምርጦቹ ይቆጠር ነበር። በ1776 የፓሪስ ኦፔራ ዳይሬክተር እንዲሆን በታሰበ ጊዜ ግን ታዋቂ ዘፋኞችና ዳንሰኞች ከጥቁር ወገን ከሆነ ሰው ትእዛዝ አንቀበልም ብለው ለንግሥት ማሪ አንቷኔት አቤት አሉ። ሹመቱ ቀረ። ኋላ የኦሎምፒክ ሎጅ ኮንሰርቶችን ሲመራ፣ ያ ድርጅት ሃይድንን ስድስት ሲምፎኒ እንዲጽፍለት አዘዘ፤ ዛሬ የፓሪስ ሲምፎኒዎች የሚባሉት እነሱ ናቸው። የአንዱ ስም በየአዳራሹ ቀረ፣ የሌላው ከሰይፍ ወሬ ጋር ተቀበረ። የፍሪማን የመጀመሪያው ሸክላ በሙሉ የሴን ዦርዥ ነው፤ ይህም በደንብ የታሰበበት ምርጫ ነበር። አድማጩ የጥቁር ሰው ክላሲካል ሙዚቃ የትናንት ነገር እንዳይመስለው ከሞዛርት ዘመን ተጀመረ።

ሌሎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከብራዚል የቄሱ የዦዜ ማውሪሲዮ ኑኔስ ጋርሲያ የ1816 የሙታን ቅዳሴ አለ። ከኩባ የሆዜ ዋይት የቫዮሊን ኮንቼርቶ፣ ከናይጄሪያ የፌላ ሶዋንዴ «አፍሪካን ስዊት»፣ ከፓናማ የሮኬ ኮርዴሮ የቫዮሊን ኮንቼርቶ ይገኛሉ። ከአሜሪካ ጆርጅ ዎከር፣ ዩሊሰስ ኬይ፣ ሄል ስሚዝ፣ አዶልፈስ ሄይልስቶርክና ሌሎችም ገብተዋል። የኮርዴሮን ኮንቼርቶ የተጫወተው ሳንፎርድ አለን ነው፤ በ1962 በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ተጫዋች የሆነው እሱ ነው።

ተማሪ፦ እነዚህን ሁሉ በቆዳ ቀለም ሰብስቦ በአንድ ሣጥን ማኖር ራሱ ሌላ ዓይነት መከለል አይሆንም?

መምህር፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደራስያኑም ሲያነሱት ኖረዋል። ደራሲ እንጂ ጥቁር ደራሲ ተብሎ መጠራት የማይወድ ብዙ ነው፤ የዲክሰንም ሦስት ስሞች ይህንኑ ይናገራሉ። ነገር ግን ሸክላዎቹን ተራ በተራ የሰማ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። የሴን ዦርዥ ሙዚቃ የፓሪስ ቤተ መንግሥት ጨዋነት አለው። ሶዋንዴ የምዕራብ አፍሪካን ዜማ ለባለ ክር መሣሪያዎች ያቀናብራል። ኮርዴሮ በአሥራ ሁለቱ ድምፆች ስልት የሚጽፍ ዘመናዊ ነው። ስቲል በሦስተኛው ክፍል ባንጆ ያስገባል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ልዩነት እንዲህ ሰፊ ከሆነ፣ ጥቁር ሙዚቃ ማለት እንዲህ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው አፉን ይይዛል። ሣጥኑ ያስፈለገው ለየብቻቸው በር ስለተዘጋባቸው ነው፤ በሩ ሲከፈት እያንዳንዱ በራሱ ስም ይገባል። በዚህ ረገድ ፍሪማን ትክክል ነበር።

ጉድለት ግን አለበት። በዘጠኙ ሸክላ የሴት ደራሲ ሥራ አልገባም። የጥቁሯ ደራሲ የፍሎረንስ ፕራይስ የመጀመሪያ ሲምፎኒ በ1933 በቺካጎ ሲምፎኒ ቀርቦ ነበር፤ ብዙ ጽሑፎቿ ደግሞ እስከ 2009 ድረስ በኢሊኖይ ግዛት በፈረሰ ቤት ውስጥ ወድቀው ቆዩ። ለወንዶቹ የተደረገው ፍለጋ ለሴቶቹም ቢደረግ ኖሮ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ባልጠፋ ነበር።

ተማሪ፦ ቺካጎ ሲንፎኒዬታ ከሌላው ኦርኬስትራ በምን ይለያል?

መምህር፦ በወንበሩና በፕሮግራሙ። ፍሪማን በካናዳ የቪክቶሪያ ሲምፎኒን ከ1979 ጀምሮ እየመራ ሳለ ነው ይህን የመሠረተው። ተጫዋቾቹ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ እስያዊውም፣ ላቲኑም ጎን ለጎን እንዲቀመጡ አስቦ አቋቋመው፤ ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው፤ የታወቀ ሲምፎኒ ከማይታወቅ ደራሲ ሥራ ጋር በአንድ ምሽት ይቀርባል። በየዓመቱ በጥር ወር ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በሚያቀርበው ኮንሰርት መጨረሻ ላይ ታዳሚውና ሙዚቀኛው እጅ ለእጅ ተያይዘው የነፃነት ትግሉን መዝሙር ይዘምራሉ። ቫዮሊን የያዘው ቫዮሊኑን አስቀምጦ የጎረቤቱን እጅ ይይዛል።

በ2006 የቀረበው ደግሞ ይበልጥ ተወራ። ዴቪድ ቤከር የጻፈው ለተንቀሳቃሽ ስልክና ለኦርኬስትራ የሆነ ኮንቼርቲኖ ነበር። ሌላ ቦታ ስልክ አጥፉ ይባላል፤ እዚህ ክፈቱ ተባለ። ታዳሚው መቼ ማስጮህ እንዳለበት ቀይና አረንጓዴ መብራት ይነግረዋል፤ ሕዝቡ ራሱ የኦርኬስትራው አንድ ክፍል ሆነ። አንዳንዱ ይህን እንደ ጨዋታ አየው። ፍሪማን ግን ከምር ነበር፤ ወደ ሲምፎኒ አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሲገባ እንግድነት እንዳይሰማው አንድ የሚያውቀውን ነገር በእጁ ይዞ እንዲጫወት አደረገው።

ተማሪ፦ የወንበሩ ነገር በሌሎች ኦርኬስትራዎችስ ተሻሻለ?

መምህር፦ እጅግ በዝግታ። የቅጥር ፈተና ከመጋረጃ ጀርባ መካሄድ የጀመረው በቦስተን በ1950ዎቹ ነው፤ በ1970ዎቹ ተስፋፋ። ፈታኞቹ ድምፁን ብቻ ይሰማሉ። ሴቶች በዚህ ብዙ ተጠቀሙ። ጥቁሮች ግን በ2014 በተደረገ ቆጠራ ከአሜሪካ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች 1.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። መጋረጃው የሚጠቅመው እስከ መጋረጃው ለደረሰ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት በስድስት ዓመት ዕድሜ የሚጀመር ትምህርት፣ ውድ መሣሪያ፣ የግል አስተማሪ፣ በየከተማው ለፈተና የሚኬድበት የአውሮፕላን ዋጋ አለ። ወንበርም የሚለቀቀው ተጫዋች ጡረታ ሲወጣ ነው። ሲንፎኒዬታው ይህን በማየት ወጣት ሙዚቀኞችን ከነባሮቹ ጋር አስቀምጦ የሚያሠለጥንበት ፕሮግራም አቋቁሟል።

ተማሪ፦ የፍሪማን መጨረሻስ?

መምህር፦ ከ1996 ጀምሮ የቼክ ናሽናል ሲምፎኒ ኦርኬስትራንም በፕራግ መርቷል። በ2011 ከቺካጎ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን በታይዋን የተወለደችው ሜይ አን ቼን ተረከበች። ሐምሌ 21 ቀን 2015 በቪክቶሪያ በ79 ዓመቱ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ሲንፎኒዬታው ከማካርተር ፋውንዴሽን ተሸለመ። ከገበያ ጠፍተው የቆዩት ዘጠኙ ሸክላዎችም በ2019 በ10 ሲዲ ታትመው ወጡ።

ተማሪ፦ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖር ይሆን፣ ጋሼ?

መምህር፦ አለ፤ ትምህርት ቤቱ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1962 የተመረቁት ከዚያው ከኢስትማን ነው። በ1967 በሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ፊት ቆመው የራሳቸውን ሥራ መርተዋል፤ ስለ እረኛው ዋሽንተኛ የደረሱት ሙዚቃ ከሥራዎቻቸው በጣም የታወቀው ነው። በኢትዮጵያ ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ ሁሉ ፍሪማን ያደረገው ይደረግለት ዘንድ ይገባዋል። ስለዚህ፣ ልጄ፣ አንቺና የክፍል ጓደኞችሽ ከአንድ ሥራ ጀምሩ። ሙሉ ኖታውን ፈልጉ፤ የየመሣሪያውን ወረቀት ለዩ፤ ስሕተቱን በልምምድ አርሙ፤ ከዚያ አስቀርጹት።